የምንስቀው በማን ላይ ነው?



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ የጀሞ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። አስቂኝ ግጥም ይጽፋል፤ ጓደኞቹ በዜማ ይሉለታል። አዲሱ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ስለሚመላለሱ አባወራ ነው። ሚስታቸው ሲጠይቋቸው «ዝናቡ ማባራቱን ላይ ነው» ይላሉ፤ ወሩ ግን ጥር ነው። አልዋሽም፣ ሳቅኩ። «ኡስታዝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይፈቀዳል?» አለኝ።

ወዲያው ያልመለስኩለት በአንድ አባት ምክንያት ነው። ከፈጅር ሶላት ቀርተው አያውቁም ነበር፤ ድንገት ጠፉ። ቤታቸው ስሄድ ብዙ አንገራግረው ሽንት እንደሚያመልጣቸው ነገሩኝ። ሐኪም ጋ አልሄዱም። አንድ ቀን ውዱእ ሲያደርጉ ወጣቶች በሽማግሌ ሽንት ሲቀልዱ ሰምተው «እኔን ነው» ብለው ቀሩ። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር፦ ሽንት የማይቋረጥለት ሰው ወቅቱ ሲገባ ተጣጥቦ፣ ጨርቅ አድርጎ፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ ሳይፈልግ የሚያመልጠው ሶላቱን አያበላሽበትም። አንድ ቀልድ ሰውየውን ከሐኪምም ከጀመዓም አስቀራቸው።

ወንድሞቼ፣ ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሐያእ ማለት ግን በሽታን መደበቅ አይደለም። ዐሊይ (ረ.ዐ) መዝይ ይበዛባቸው ነበር። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ባል ስለሆኑ ራሳቸው ለመጠየቅ አፈሩ። ዝም ግን አላሉም፤ ሚቅዳድን ላኩ፣ መልሱም መጣ። ያፈረ ሰው መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ጥሩ ግጥም እንደ ሚቅዳድ መሆን ይችላል።

ይህ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። የወሎ መሻይኾች ዲንን ለሕዝቡ ያስተማሩት በመንዙማ ጭምር ነው። ኤች አይ ቪ በሹክሹክታ ብቻ ይወራ በነበረበት ዘመን አርቲስቶቻችን «ማለባበስ ይቅር» ብለው ዘፍነዋል። በሜልቦርን ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ 30 ወንዶች ለቀልድ ሪዛቸውን አሳደጉ፤ በዓመቱ ቀልዱ ለፕሮስቴት ካንሰር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆነ። ሪዙን ለነሱ እንተውላቸው፣ ለኛ መከርከሙ ሱና ነው። ዘዴውን ግን እንውሰድ።

ምክንያቱም ዝምታው ያስከፍላል። ከ50 እስከ 60 ዓመት ካሉ ወንዶች የግማሽ ያህሉ ፕሮስቴት ያድጋል። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ሕክምናም አለው፤ ካንሰር አለመሆኑን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ወጣቶች የምናፍርበት የአልጋ ድካምም አንዳንዴ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ቀዳሚ ምልክት ነው። እኛ ስናፍር በድምፅ ማጉያ «የወንድ መድኃኒት» የሚሸጠው ነጋዴ አያፍርም። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዱቄት በውድ ይሸጥልናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፣ እውነት እንጂ አይናገሩም ነበር። ቁርኣንም በሰው ላይ መሳለቅን ከልክሏል (ሱረቱል ሑጁራት፣ 11)። ስለዚህ መስፈርቴ ይህ ነው፦ ቃሉ ንጹሕ ይሁን፣ የምናውቀውን ሰው አይጠቁም፣ ሳቁም በታማሚው ሳይሆን በመደበቁና በዱቄት ሻጩ ላይ ይሁን። የድቤውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ለልጁም እንዲህ አልኩት፦ «መጨረሻውን ቀይረው። አባወራው ሚስታቸው እጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።» ቀይሮ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማሰማው ለእኚያ አባት ነው። እሳቸው ከሳቁ ግጥሙ ያልፋል።

ወላሁ አዕለም።