የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የማንን መጽሐፍ ያንብብ?

ዲግሪዬን ይዤ ወደ ቦንጋ በተመለስሁ ጊዜ አያቴ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ቆየህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፤ ተረት፣ ግጥምና ቴአትር ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ተረትማ እኔ ሳስተምርህ አላደግህምን?» አሉኝ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ከልቤ አልወጣም። ሼክስፒርን፣ ዎርድስዎርዝንና ዲክንስን በማንበቤ አልጸጸትም። የሌላውን አገር ጥበብ ማወቅ ያስከብራል እንጂ አያዋርድም። የሚያሳዝነኝ ግን በዚያው በእንግሊዝኛ ቋንቋ የጻፉ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ መሆኑ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965፣ ዳኛቸው ወርቁም «ዘ ተርቲንዝ ሰን» የተባለውን ልብ ወለድ በ1973 አሳትመዋል። በቅርቡም የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ መጻሕፍት አንዱ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ አይደለምን?

«ትምህርቱ የእንግሊዝኛ ነውና የእንግሊዞችን ማንበብ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቋንቋው ዛሬ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ በ1968 የእንግሊዝኛ ክፍሉ ቀርቶ አፍሪካን መካከለኛ ያደረገ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ይቋቋም ብለው ጠይቀዋል። እኔ ክፍሉ ይዘጋ አልልም፤ ለራሳችን ሰዎች ቦታ ይሰጥ ነው የምለው።

ከዚህም በላይ አንድ ሥራ አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ ሽነጋ መንደር የጻፉት ልብ ወለድ መጀመሪያ የተጻፈው በቸሃ ቋንቋ ነበር፤ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1964 ታተመ። ቸሃ የቻለውን ካፊ ኖኖ ስለ ምን አይችልም? ስለ ካፋ ሕዝብ በ1920ና በ1923 ሁለት ትልልቅ ቅጾች ያሳተመው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር ነው፤ ያውም በጀርመንኛ። እኛ የተማርነው ልጆች እስከ መቼ ሌላው እስኪጽፍልን እንጠብቃለን?

ስለዚህ በቦንጋም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የምትማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መምህሮቻችሁን የኢትዮጵያውያንን መጻሕፍት ጠይቁ። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱም ከሽማግሌዎች አንድ አንድ ተረት ሰምታችሁ ጻፉ፤ ወደ እንግሊዝኛም መልሱ። እኔም ከአያቴ ተረቶች አንዱን ጀምሬአለሁ። እርሳቸው ሳሉ ልጨርሰው እመኛለሁ።