ሳቁ ሲያበቃ የሚቀረው ዐሰቢያ

ጨዋታ ሁሉ ሐራም ነው የሚል ሰው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ በቅጡ አላነበበም። የሐበሻ ሰዎች በዒድ ቀን በመስጊዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እስኪበቃቸው ድረስ እንዲመለከቱ ፈቅደውላቸዋል። ከእርሳቸውም ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ከሰሓቦች ጋር ቀልደዋል፤ ሲቀልዱም ከእውነት አልወጡም። ስለዚህ ሙግታችን ከኳስ ጋር አይደለም፤ ከሳቅም ጋር አይደለም። ሙግታችን የኳስ ደጋፊን ሕይወት መሳቂያ አድርገው ካቀረቡ በኋላ፣ በሳቁ መሐል ያንኑ ሕይወት አስወድደውን ከሚያልፉ ፊልሞች ጋር ነው።

ከታወቁት አንዱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ፊቨር ፒች» የተሰኘው የእንግሊዝ ፊልም ስለ አንድ የለንደን መምህር ይተርካል። መምህሩ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ያለ ኒካሕ የተወዳጃት ሴት ፀንሳ ስለ ነገ ስትጨነቅ፣ የእርሱ ልብ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ተመልካቹም ይስቃል። በመጨረሻ አርሰናል እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1989 ሊቨርፑልን በገዛ ሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ ሰፈሩ በደስታ ይጥለቀለቃል፤ ጥንዶቹም ይታረቃሉ። ድሉና እርቁ በአንድ ምሽት ይመጣሉ። ተመልካቹ የቤት ጉዳይ በጎል የሚፈታ እየመሰለው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ፊልም ውስጥ ሳቁ የሸፈነው አንድ መራራ እውነት አለ። መምህሩ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተለያይተዋል። ወደ ስታዲየም የወሰደው ያ ከቤት የወጣው አባቱ ነው። እንግዲህ ልጁ ክለቡን ያገኘው አባቱን ሲፈልግ ነው ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያስለቅስ?

ለሙስሊሙ ቤት ቀረብ ያለውን ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግብፅ ውስጥ የወጣው «አዝ-ዘምሃላዊያ» የተባለው ኮሜዲ ርዕሱ ራሱ የዛማሌክንና የአህሊን ደጋፊዎች ስም አደባልቆ የተሠራ ነው። የሁለቱ ወገኖች ፉክክር የቀልድ ማጣፈጫ ሆኖ ቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012፣ በዚያችው አገር በፖርት ሰዒድ ስታዲየም የአል-መስሪ ደጋፊዎች በአህሊ ደጋፊዎች ላይ ተነሡ፤ ከ70 በላይ ሰዎችም አለቁ። ፊልሙ ገደላቸው አንልም። ለዕልቂቱ የጸጥታ አስከባሪዎች ቸልተኝነትም ተወቅሷል። ነገር ግን አጥቂዎቹም ሟቾቹም የአንድ አገር ልጆች፣ አብዛኞቹም ወደ አንድ ቂብላ የሚዞሩ ነበሩ። በመካከላቸው የቆመው የማልያ ቀለም ነው። ትናንት በሳቅ የታለፈ ወገንተኝነት ዛሬ አስከሬን ሲያስቆጥር ሳቁ ወዴት ይሄዳል?

«ፊልሞቹ እኮ ደጋፊውን ይተቹታል እንጂ አያሞግሱትም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን እንጠይቃቸዋለን፤ ተችቶ ሲያበቃ አቅፎ የሚስም ትችት ማንን አርሞ ያውቃል? ያሳቀንን ጉድለት አንጠላውም፤ ያልጠላነውን ደግሞ ከልጆቻችን ላይ አንነቅልም።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷሮች አንዱን መታ። ወዲያው አንዱ አንሷሮችን፣ ሌላው ሙሃጂሮችን ለእርዳታ ተጣራ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የጃሂሊያ ጥሪ ብለው አወገዙት፤ እንዲተዉትም አዘዙ። ልብ እንበል! «ሙሃጂር» እና «አንሷር» አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ያከበራቸው ስሞች ናቸው። እነዚህ ስሞች እንኳ ለጭፍን ወገንተኝነት መጥሪያ ሲሆኑ ከተወገዙ፣ የለንደንና የማንቸስተር ክለቦች ስም ወንድምን ከወንድም ሲያኮራርፍ ምን ሊባል ነው?

ለሽንፈትም ቢሆን ትምህርት ትተውልናል። ዐድባእ የተባለችው ግመላቸው የማትቀደም ነበረች። አንድ ቀን የአንድ ገጠሬ ግመል ሲቀድማት ሰሓቦች ከፋቸው። እርሳቸው ግን አላህ በዚህች ዓለም ከፍ ያለውን ነገር ዝቅ ማድረጉ እንደማይቀር አስተማሩ። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ራት አልበላም የሚል፣ ሚስቱን የሚያመናጭቅ ሰው ይህን ሐዲስ ቢያስብ ምን ነበረበት?

ነገሩ ከእኛም ደጃፍ የራቀ አይደለም። በለንደን ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር የቅዳሜ ጨዋታ፣ በእነርሱ የቅዝቃዜ ወራት ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የመግሪብ አዛን የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ይሰማል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ዒሻእ ደርሷል። ኳስ በሚያሳዩ ቤቶች ታጭቆ ከሚጮኸው ወጣት መካከል አዛኑን ሰምቶ የሚነሣው ስንቱ ነው? ተነሥቶ ቢሄድስ፣ ያን ፊልም እያየ ያደገ ጓደኛው «የእውነት ደጋፊ አይደለህም» ብሎ አይስቅበትምን?

ውድ ወላጆች! ቴሌቪዥኑን መዝጋት ቀላል ነው፤ ባዶውን ቦታ መሙላት ግን ይከብዳል። ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያይ አጠገቡ ተቀመጡ። ከሳቀ በኋላም «ይህ ሰው ለቤቱ ምን ተረፈው?» ብላችሁ ጠይቁት። ኳሱንም አብራችሁት ተጫወቱ፤ አዛን ሲል አብራችሁት ወደ መስጊድ ሂዱ። አባቱን በቤቱ ያገኘ ልጅ ክለብን አባት አያደርግም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሳቃችንን ከእውነት፣ ፍቅራችንን ከዐሰቢያ ይጠብቅልን። አሚን።