ገንዘቡ ከሳጥኑ ይልቅ ለሁለተኛው ቅጂ ይዋል

በቦሌ መድኃኔዓለም፣ በገርጂና በሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ የመኖሪያ ቤቱን ቢሮ ያደረገ አስመጪና ኮሚሽን ኤጀንት ጥቂት አይደለም። ፕሮፎርማው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የባንክ ሰነዱና የደንበኞች ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ያሉት በአንድ ላፕቶፕና በኪስ በምትያዝ ፍላሽ ላይ ነው። ላፕቶፑ የተሰረቀ ወይም ዲስኩ የሞተ ዕለት የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ እንኳ የሚነግር አይኖርም። ስለዚህ ከቤት ኔትወርክ ጋር የሚገናኝ፣ ሻጮች «ናስ» የሚሉትን የጋራ ማከማቻ መግዛት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ያስቸገረው በጠባብ በጀት የቱ ይገዛ የሚለው ነው።

የሻጩ መልስ የታወቀ ነው፤ ትልቁ ሳጥን። ለወደፊቱ ያስፈልጋል ተብሎ አራት ዲስክ የሚይዘው ይቀርባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የመጣ ዕቃ ላይ ባዶ ቦታ መግዛት ገንዘብ ማሰር ነው። ለአነስተኛ ቢሮ ሁለት ዲስክ የሚይዝና 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው፣ ለምሳሌ እንደ ሲኖሎጂ ዲኤስ223ጄ ያለ ሳጥን ይበቃል። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን በተለመደው ባለ 1 ጊጋቢት ኬብል የሚያልፈው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ ለዚሁ ሥራ ሊያውለው ይችላል፤ መብራት ይበላል እንጂ።

ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ሲደረግ የሚገኘው ቦታ 4 ቴራባይት እንጂ 8 አይደለም። ብዙ ገዢ በዚህ ያዝናል፤ ሊያሳዝነው የሚገባው ግን ሌላ ነው። ይህ ግልባጭ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል እንጂ ባክአፕ አይደለም። ጸሐፊዋ በስህተት የሰረዘችው ፋይል ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሌባም ሳጥኑን ሲያነሳ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። በጀቱ ለሁለት ዲስክ ብቻ ከሆነ፣ ሻጩ የሚለውን ትቶ አንዱን ሳጥኑ ውስጥ መክተት፣ ሁለተኛውን ደግሞ በየሳምንቱ ገልብጦ ሱቅ ወይም ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል።

በዲስኩ ላይ ግን መቆጠብ አይገባም። ዌስተርን ዲጂታል «ሬድ» ብሎ ለናስ ይሸጣቸው ከነበሩት መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት መረጃን እንደ ጣሪያ ክዳን ደራርበው የሚጽፉ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ታውቋል። እንዲህ ያለው ዲስክ ብዙ ሲጻፍበት ይዘገያል፤ «ሬድ ፕላስ» የሚባሉት በቀድሞው ዘዴ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በአውሮፓ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የሠሩበት ሰዓት ቆጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። እዚያ ይህ ከሆነ የመገናኛ ገዢ «አዲስ ነው» በሚል ቃል ብቻ ሊረካ አይገባም። ዲስኩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ፤ የሠራበት ሰዓት ይነበብ፤ የመለያ ቁጥሩ በአምራቹ ድረ ገጽ ይጣራ። ሻጩ እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሁለተኛው ዲስክ በፊት ዩፒኤስ መግዛት ያስፈልግ ይሆን የሚለው ያከራክራል። ሁለተኛው ቅጂ ይቅደም፤ ዩፒኤሱ ግን ከቀጣዩ ወር ማለፍ የለበትም። ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ በመሆኑ ትንሹም ዩፒኤስ ሳጥኑ በሥርዓት እስኪዘጋ ያቆየዋል።

ይህን ሁሉ ትቶ ሰነዱን ውጭ አገር ኩባንያ ዘንድ በኢንተርኔት ማስቀመጥ ይቻላል የሚሉ አሉ። ክፍያው ግን በአብዛኛው በዶላር ነው፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ የሆነውንም ነጋዴው አይረሳውም። የቤቱም ሳጥን ቢሆን ለኢንተርኔት ክፍት መተው የለበትም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 አምራቹ ድጋፍ ያቆመላቸው «ማይ ቡክ ላይቭ» የተባሉ ማከማቻዎች በኢንተርኔት በኩል ተደርሶባቸው የያዙት ሁሉ ተሰርዟል። ከመግዛት በፊት አምራቹ ለዚያ ሞዴል የደኅንነት ማሻሻያ መላኩን እስከ መቼ እንደሚቀጥል መጠየቅም ከዋጋ ክርክሩ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።