ተተኪው ዜና አንባቢና የተመልካቹ ቍጥር

መስከረም 21 ቀን በአምባሰል የግሸን ማርያም በዓል ሲከበር፥ ከየአገሩ የተነሣው ምእመን መስቀለኛውን አምባ ይሞላዋል። በዚያ ሰሞን ከቴሌቪዥን ፊት የታጣው ሰው የሚገኘው በአምባው ላይ ነው። እንግዲህ ዋናው ዜና አንባቢ ለበዓሉ ፈቃድ ወስዶ ተተኪው ቢያነብና የተመልካቹ ቍጥር ቢቀንስ፥ ጥፋቱ የማን ነው? በተተኪው ላይ መፍረድ ሚዛን ማጕደል ነው።

ጥያቄው በውጭ አገርም የታወቀ ነው። በአሜሪካ ኒልሰን የተባለው ድርጅት ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቴሌቪዥን ተመልካች ይቈጥራል፤ የማስታወቂያ ዋጋም የሚቈረጠው በዚሁ ቍጥር ነው። ስለዚህ ቍጥሩን ለማሳመር ብልሃት አይጠፋም። የኤንቢሲ የማታ ዜና ስም በበዓል ሰሞን ሆን ተብሎ በተሳሳተ ፊደል እየተመዘገበ፥ ዝቅተኛው ቍጥር ከአማካዩ እንዲወጣ መደረጉ በ2017 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ ተገልጧል።

ተተኪ ሁሉ ደካማ ነው ማለትም አይቻልም። በ1967 እ.ኤ.አ. በሠራተኞች አድማ ጊዜ፥ ስመ ጥሩውን ዋልተር ክሮንካይትን ለ13 ቀን የተካው አርኖልድ ዜንከር የተባለ የ28 ዓመት የሲቢኤስ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበር። ዜናው አልተቋረጠም፤ ተመልካቾችም ብዙ ደብዳቤ ጻፉለት።

በአገራችን ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ጣቢያው በዝቷል፤ ውድድሩም በርትቷል። ስለዚህ ነገ የቍጥር ሠንጠረዥ የሚቀርብለት ወጣት ሹም፥ የበዓሉን ቀን ከበዓል ቀን፥ የሥራውን ቀን ከሥራ ቀን ጋራ ያመዛዝን። ቍጥር ምስክር ነው፤ ምስክር ግን ሳይመረመር አይታመንም።