ከጾሙ የተነጠቀ ልደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ታኅሣሥ ሲጋመስ በአዲስ አበባ የሆቴሎች መግቢያና የገበያ አዳራሾች የፕላስቲክ ጥድ ይቆምባቸዋል። ጥጥ እንደ በረዶ ይነሰነስበታል፤ ቀይ የለበሰ ጢማም ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ደንበኛ ይቀበላል፤ ወጣቶቻችንም ከጥዱ ሥር ፎቶ ይነሣሉ። በእኛ ዘንድም በየዓመቱ የማይቀር አንድ ስብከት አለ፤ ጥዱ ባዕድ ነው፣ የገና አባት ባዕድ ነው፣ ከቤታችሁ አውጡት የሚል። ስብከቱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ግንዱን ትቶ ቅጠሉን የሚመለምል ነው። ጥዱን አውጥተን በምትኩ ቄጠማ ብንጎዘጉዝ፣ የሀገር ልብስ ብንለብስ፣ ልደትን ከነጋዴ እጅ አስመለስን ማለት ነውን? ገበያው የወሰደብን ከጌጥ የሚበልጥ ነገር ነው። ጾሙን ነው የወሰደብን።

ቤተ ክርስቲያናችን በዓለ ልደትን በድንገት አታከብርም። ነቢያት የጌታን መምጣት በናፍቆት እንደ ጠበቁ እኛም እንድንጠብቅ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያትን ታስጀምረናለች። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉትን ሦስት ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ሰይማ፣ ነቢያት የሰበኩትን ተስፋ፣ ለጨለማው ዓለም የወጣውን ብርሃን፣ የተበተኑትን በጎች የሚሰበስበውን እረኛ በየተራ እያሰበች ወደ በዓሉ ታደርሰናለች። ዋዜማውንም ገሃድ ብላ ትጾማለች። ይህ ሁሉ መጠበቅን የምታስተምርበት ሥርዓት ነው። መጠበቅ ደግሞ ለገበያ አይመችም፤ የሚጾም ሰው ደካማ ሸማች ነውና። ስለዚህ ነጋዴው በዓሉን ከቀኑ አስቀድሞ ይጎትተዋል።

ምዕራባውያን ልደትን የሚያከብሩበት ዲሴምበር 25 በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። እነርሱ በራሳቸው ቀመር በዓላቸውን ማክበራቸው ለእኛ የጠብ ምክንያት አይሆንም። ለእኛ ግን ያ ቀን ጾም ነው። «የፈረንጅ ገና» ተብሎ ሥጋና መጠጥ ወደሚቀርብበት ግብዣ፣ እስኪነጋ ወደሚጨፈርበት አዳራሽ ትኬት ገዝቶ የሚገባው ግን ማተቡን ያሰረውም ጭምር ነው። «ሁለት ጊዜ ማክበር ምን ክፋት አለው?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ሁለት ጊዜ አክብሮ ቢሆን ኖሮ መልካም በሆነ ነበር። እርሱ ግን አንድም ጊዜ አላከበረም፤ በመጀመሪያው ቀን ጾሙን ሻረ፣ በሁለተኛው ቀን የሚፈታው ጾም አጣ። ካህናቱ ሌሊቱን ቆመው ሲያመሰግኑ፣ የጌታን መወለድ ለእረኞች ያበሠሩት መላእክት ሲታሰቡ፣ በዓሉ ለእርሱ ካለፈ 13 ቀን ሆኖታል።

የዚያ የቀይ ለባሽ ሽማግሌ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። ሳንታ ክላውስ የተባለው ስም የመጣው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን፣ በዚሁ ጾም መካከል ያስበዋል። ከድህነት የተነሣ ሦስት ሴቶች ልጆቹን ለክፉ ሥራ ሊያሰማራ የተቃረበ አንድ አባት መኖሩን ሰምቶ፣ ማንም ሳያየው በሌሊት ወርቅ ወደ ቤቱ እየጣለ ልጆቹ በክብር እንዲዳሩ ማድረጉ ይነገርለታል። ከ1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሃደን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ የሣላቸው ሥዕሎች ግን ዛሬ በየበሩ የምናየውን ወፍራም ሣቂታ ሽማግሌ በዓለም ላይ አስፋፉት። በስውር የሰጠው አባት በአደባባይ የሚያሻሽጥ ሆነ። እኛም ምስሉን ስናወግዝ ቅዱሱን አብረን ረሳነው።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንግባ፤ ጥድ ወደሌለበት ቤት። የበዓሉ ሰሞን ወሬ ሁሉ የዶሮና የቅቤ ዋጋ ነው። ቅርጫ ጥንቱን ደግ ነገር ነበር፤ ብቻውን በሬ መግዛት የማይችለው ከጎረቤቱ ጋር አዋጥቶ እኩል እንዲካፈል ያደርጋል። ዛሬ ግን ከሰው ላለማነስ ሲል ተበድሮ የሚያርድ፣ ዕዳውን እስከ ፋሲካ የሚገፋ አባወራ አለ። ያልቻለችው እናት ደግሞ የጎረቤት ወጥ ሽታ ልጆቿን እንዳያስከፋቸው በር ዘግታ ትውላለች። በከብቶች በረት የተወለደው ጌታ በዓል ድሀ የሚያፍርበት ቀን እንዲሆን ያደረገው ፈረንጅ አይደለም። እኛ ነን።

በአንዳንድ ሰንበት ትምህርት ቤቶችስ? የልደት ዝግጅት ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው አጀንዳ የቲሸርቱ ቀለምና ዋጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የላሊበላ ጉዞ ማስታወቂያ ከጾሙና ከንስሐው ይልቅ ስለ አውቶቡሱና ስለ ማደሪያው ምቾት ያትታል። ላሊበላ ግን ምእመናን ቀናትን በእግራቸው ተጉዘው የሚደርሱባት፣ የሀገሬው ሰው የተሳላሚዎችን እግር በማጠብ የሚታወቅባት፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ የሚዘመርባት ናት። የመጓጓዣ ዋጋ መጠየቁ ኃጢአት አይደለም፤ ገንዘብ ለአገልግሎቱ ማስፈለጉም የታወቀ ነው። ነገር ግን ትኬቱን መግዛት ያልቻለው የሰንበት ትምህርት ቤት አባል በዚያ ቀን የት እንደሚውል የጠየቀ አለን? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ባስተማረው በ50ኛው ድርሳኑ፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር አልብሰው በደጅ በብርድ ዕራቁቱን ሲቆም የሚያልፉትን አጥብቆ ይወቅሳል። እርሱ የወቀሳቸው ጣዖት አምላኪዎችን አልነበረም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልገንም። ወደ ግእዝም የተተረጎመው የሄርማስ መጽሐፍ የጾምን ሥርዓት ሲያስተምር፣ በጾሙ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልተህ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ስጥ ይላል፤ አሳቡ ይህ ነው። እንግዲህ ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከካፌው የተረፈው የ43 ቀን ሒሳብ የት ገባ? በኪሳችን ቆይቶ በልደት ዕለት ለራሳችን ድግስ የሚወጣ ከሆነ የጾምነው ለመቆጠብ ነው። በእያንዳንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል አንድ የተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ ማን ስንት እንደ ጨመረ አይጻፍ፣ ፎቶም አይነሣ፤ የኒቆላዎስ ልማድ ይህ ነውና። የቲሸርቱ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአጥቢያችሁ ዙሩ፤ በልደት ዋዜማ ምድጃው እሳት የማይነድበትን ቤት ቁጠሩ። ሣጥኑ በገሃድ ዕለት ይከፈት፤ የተገኘውም ሳይመሽ፣ ሌሊት ለቅዳሴ ከመቆማችን በፊት ወደ እነዚያ ቤቶች ይድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።