ለመስቀል ወደ ጉንችሬ ለምትመጡ



ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከየከተማው ወደ ጉንችሬ የምትገቡ ወገኖቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መምህር ለመሆን ስለሚማሩት ልጆቻችን ጥቂት ልበላችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ጉዳዬ በየትምህርት ኮሌጁ ያሉት የተማሪ ክበባትና «የአመራር ሥልጠና» የሚባለው ነገር ነው። ከግቢ ውጭ ላለ ሰው ይህ የወጣቶች ጊዜ ማሳለፊያ ይመስለዋል። ዛሬ ክበብ የሚመራው ተማሪ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ የእናንተን ልጅ ክፍል ተረክቦ ጠመኔ ይይዛል። ማንን ጠይቆ ማንን እንደሚያልፍ የሚለምደው አሁን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ የሚሆነውን ላሳያችሁ። አራት ወንዶችና አንዲት ሴት አንድ ላይ ይመደባሉ። «ያንቺ እጅ ጽሑፍ ያምራል» ትባልና ሌሊት ተቀምጣ ወረቀቱን የምትገለብጠው እሷ ነች። ቀኑ ሲደርስ ክፍል ፊት ወጥቶ የሚያቀርበው ሌላ ነው፤ ጥያቄ የሚመልሰውም፣ መምህሩ ስሙን የሚይዝለትም እሱ ነው። ማርኩ ለአምስቱም እኩል ስለሚሰጥ መዝገብ ቢገለጥ በደል አይገኝም። የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ሲመጣም ያው ነው። ፕሬዚዳንትነቱ ለወንድ፣ ጸሐፊነቱ ለሴት ይሆንና የሴቶች ጉዳይ ወንበር እንደ ማካካሻ ይቀርባል። ልጅቷም ተመርቃ ስትወጣ፣ ሳታስበው፣ በራሷ ክፍል ሴቶቹን ለጠረጋ፣ ወንዶቹን ለአለቅነት ትመድባለች።

ሕጉ አልጎደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ደንግጓል፤ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲያዝ ኖሯል። ይህ በር ይከፍታል። በሩን ካለፉ በኋላ ማን ያስጠናቸዋል፣ ማን ኖት ያካፍላቸዋል የሚለው ግን ለተማሪው ለራሱ ተትቷል። በሩም ቢሆን ጠቧል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ የተባለውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበር፤ በ2015ም አልተሻለም፤ በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ከትምህርት ቤት መልስ እንሰት ስትፍቅ የምታመሽ ልጅ በዚህ ወንፊት ስትፈተን ምን ዕድል እንዳላት ገምቱት። ፍቂያው ደግሞ በእኛ ቤት ወንድ የማይጠጋው ሥራ ነው።

ክበብ ዋጋ የለውም የሚለኝ ሰው ካለ የትነበርሽ ንጉሤን አስታውሰዋለሁ። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋት ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስትማር የፀረ ኤድስ እንቅስቃሴውን መራች፤ የሴት ተማሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም አድርጋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ ነው። መሪነትን ማኅበር አቁማ፣ ሰው አሰባስባ፣ ከአስተዳደር ጋር ተሟግታ ነው የተማረችው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው «የሎው ሙቭመንት» የተባለው የተማሪዎች እንቅስቃሴም አበባ ሸጦ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ገንዘብ ያሰባስብ ነበር።

ሌላ ዓይነት አደረጃጀትም አይተናል። «አንድ ለአምስት» የተባለውን የተማሪዎች አደረጃጀት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጎበዙ ሰነፉን ይደግፋል ተብሎ የመጣ ነበር፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከላይ ወረደ፣ ቅጽ ተሞላ፣ ሪፖርት ተላከ፤ ብዙ ተማሪም የፖለቲካ መቆጣጠሪያ አድርጎ አየው። ሲቀር የናፈቀው ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ ደግሞ የሦስት ቀን «የሊደርሺፕ» ሥልጠና ይሰጣል፤ አበል፣ ቲሸርት፣ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ። ይህ እኔን አያሳምነኝም። የትምህርት ኮሌጅ ክበብ ሊመዘን የሚገባው ስንት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አስጠንቶ በማሳለፉ፣ ለስንት ዓይነ ስውር ጓደኛው መጽሐፍ በድምፅ በመቅዳቱ፣ በቡድን ሥራ አቅራቢው በየተራ እንዲሆን ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሮ በማስወሰኑ ነው። ለዚህ ደግሞ በጀትና የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ወንበር ያስፈልገዋል። ወንበር የሌለው ክበብ ማርች 8ን ከማክበር አያልፍም።

ተማሪን አምኖ ሥራ መስጠት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ዲግሪ ሳይዙ ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ባላገሩን ያወቁት ያኔ ነው። በእኛው በጉራጌም ቢሆን የቃቄ ውርድወት በ19ኛው መቶ ዘመን ሴቶችን አሰባስባ በጋብቻና በፍቺ መብት የጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎችን ስትሞግት ሥልጠና የሰጣት አልነበረም። ሴቶቹ ተከትለዋት ስለወጡ ነው ሸንጎው ሊሰማት የተገደደው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ሕዝብ መዋጮ አሰባስቦ መንገድ ሲያሠራ የመንግሥትን እጅ ብቻ አልጠበቀም። እናንተም ዘንድሮ ክትፎው ቀርቦ ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ልጆች፣ ጉብሬ ባለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትንም ራቅ ብለው ያሉትንም፣ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ክበባችሁ ባለፈው ዓመት ምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ፤ «ሥልጠና ወሰድን» ካሏችሁ ከዚያ በኋላስ ብላችሁ ድገሙ። ለመጪው ክረምት የጉንችሬን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲያስጠኑ ቃል አስገቧቸው፤ አስተባባሪዎቹ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፤ ለደብተር፣ ለፎቶ ኮፒና ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡት ለምሳ የሚሆን ገንዘብ እዚያው አዋጡ። እናቶችና አባቶችም በጥናቱ ሰዓት ሴት ልጆቻችሁን ከፍቂያና ከውኃ መቅዳት ነፃ አድርጓቸው፤ ሥራውን ወንዶቹም ይካፈሉት። የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሳትሰጡ ወደ አዲስ አበባ አትመለሱ።