ግንዱን ወዴት ወሰዳችሁት?

አዲስ አበባ፣ ከአስኮ በላይ ባለው ዳገት፣ ጫካው ውስጥ አንድ የወደቀ ጥድ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ቅዳሜ ጠዋት እሄድበታለሁ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ቅርፊቱ ይርሳል፤ ከስንጥቁም የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ነጫጭ እንጉዳዮች ብቅ ይላሉ። ተንበርክኬ ከሥር ሳያቸው የጥላቸው ውስጥ በስስ ቅጠል የተነባበረ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃን ያሳልፋል።

ዘንድሮ ስሄድ ግንዱ የለም። በመጋዝ ተቆራርጦ ተወስዷል። ቅጠሉ ተጠርጎ፣ መሬቱ እንደ ሰርግ ቤት ግቢ ተጠራርጎ፣ በየሁለት እርምጃው የችግኝ ጉድጓድ ተቆፍሯል። «ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኳቸው የሚቆፍሩትን። «ጫካውን እያጸዳን» አሉኝ።

ጫካ ቆሻሻ የለውም! ያ ግንድ ቆሻሻ ሳይሆን ቤት ነበር። እንጉዳይ የምንለው የፈንገስ ፍሬ ነው፤ አካሉ በግንዱና በብስባሹ ውስጥ የተዘረጋ ነጭ ድር ነው። ከጥድ፣ ከወይራና ከዝግባ ሥሮች ጋር ተጎዳኝቶ የሚኖረው ፈንገስ ደቂቅ ነው፤ ጥላ አያወጣም። ስለዚህ በአገር በቀል ደናችን የምናያቸው እንጉዳዮች አብዛኞቹ የሚኖሩት በወደቀ እንጨትና በረገፈ ቅጠል ነው። ያንን የጠረገ ሰው ጎጇቸውንም መሶባቸውንም ነው የወሰደው።

«እንጉዳይማ ሞልቷል» የሚሉኝ አሉ። የት? ባሕር ዛፍ ሥር! ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጡ የራሱ እንጉዳዮች አሉት። እነሱ የጥዱን እንግዶች አይተኩም።

ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች ላይ ጣቴን አልቀስርም። እነሱ የሚለቅሙት ለራት ነው። የሚያናድደኝ በጀት ተይዞለት፣ ሪፖርት ተጽፎለት የሚደረገው ጠረጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ቆፍሬያለሁ፤ አልጸጸትም። ግን የተተከለውን ስንቆጥር የቆመውን ደን አፈር መላጨት ምን የሚሉት ልማት ነው?

የምንጠርገውን እንኳ ገና አላወቅነውም። የአገራችንን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ትልቁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል፤ ስምንት ቅጽ፣ 6 ሺህ ገደማ ዝርያ። ለእንጉዳዮቻችን አቻ መጽሐፍ የለንም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ወደ 1,300 የፈንገስ ዝርያዎችን መዝኖ 411ዱ ሊጠፉ እንደሚችሉ በመዝገቡ አስፍሯል። እዚያ መዝገብ ለመግባት መጀመሪያ ስም ማግኘት ያስፈልጋል። ከፋና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያሉ ወገኖቻችን የሚበላውን ከማይበላው ለይተው ይለቅማሉ። እኛ የመሃል አገር ሰዎች ሁሉንም «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን እንመታለን። አያቴም «አትንካው፣ ይገድላል» ትለኝ ነበር። መርዛም መኖሩ እውነት ነው፤ አላውቀውምና ይጥፋ ማለት ግን ግፍ ነው።

705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል እዚሁ ደጃችን አለ። እዚያም፣ በቀረውም ጫካ፣ የወደቀ ጥድ በወደቀበት ይበስብስ። መንገድ ከዘጋ ዳር ይጎተት እንጂ በመኪና አይጫን። ችግኝም በተራቆተ መሬት ይተከል እንጂ ቅጠል አይጠረግለት።

ያን ዕለት ክንድ የማይሞላ የግንዱን ቁራጭ ከጉድጓዶቹ መሃል አገኘሁ። ቅርፊቱ ገና እርጥብ ነበር። ቁጥቋጦ ሥር አስገብቼ የተጠረገውን ቅጠል በእጄ መልሼ አለበስኩት። ነሐሴ ላይ ሄጄ አየዋለሁ።